የራሱ ቀለም የሌለው አዮን፦ ስለ አሉሚኒየም ዳሳሾች ታሪክና ስለ ጎጃም ደጋ አሲዳማ አፈር



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የብረታ ብረት አዮኖችን በብርሃንና በቀለም ለውጥ ለይተው ስለሚያሳዩ ኬሚካዊ ዳሳሾች ነው። ርእሱ ሰፊ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ልጨርስ ብል እናንተንም ራሴንም አደክማለሁ። ስለዚህ አንድ ንጥረ ነገር ብቻ መርጬ መጥቻለሁ፤ እርሱም አሉሚኒየም ነው። በታሪክ የመጀመሪያው ፍሎረሰንት ዳሳሽ ተብሎ የሚቆጠረው ለአሉሚኒየም የተገኘው ነው፤ ይኸው አሉሚኒየም ደግሞ ከደብረ ማርቆስ እስከ ጮቄ ግርጌ ባለው ቀይ አፈር ውስጥ የገበሬውን ገብስና ስንዴ ከሥሩ የሚቀጨው ነው። የባዝልን ኬሚስት ግኝትና የጎዛምንን ማሳ የሚያገናኘውን መንገድ ላሳያችሁ እሞክራለሁ። የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቋንቋችን አንድ ቃል ልናገር። በአማርኛ ‹ብረት› ስንል ማረሻ የሚሆነውንም እንላለን፤ መዳቡን፣ ዚንኩን፣ አሉሚኒየሙን በጅምላም እንጠራበታለን። ተማሪዎቼ በዚህ ብዙ ጊዜ ይደናገራሉ። እኔ ዛሬ ‹ብረት› ስል ማረሻ የሚሆነውን ማለቴ ነው፤ ለቀሩት ‹ብረታ ብረት› የሚለውን እጠቀማለሁ። ይህን የምለው ለሥነ ጽሑፍ ብዬ አይደለም። የዳሳሾች ታሪክ ከዳር እስከ ዳር የመለየት ታሪክ ስለሆነ ነው። አንድ ነገር መኖሩን ማወቅ ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው አንዱን ከጎረቤቱ መለየት፣ ከዚያም አልፎ የአንዱን ንጥረ ነገር አንድ መልክ ከሌላው መልኩ መለየት ነው። ጎጃም ላይ ዋጋ የሚያስከፍለን ይህ ሁለተኛው ነው።

የመዳብ አዮን በውሃ ውስጥ ሰማያዊ ነው፤ የኒኬል አረንጓዴ ነው፤ ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ ብረት ወደ ቡናማ የሚያደላ ቢጫ ይሰጣል። እነዚህ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። አሉሚኒየም ግን ሦስት ኤሌክትሮኖቹን ካጣ በኋላ የቀሩት በተሞላ ምህዋር ተዘግተው ይቀመጣሉና ዓይናችን የሚያየውን ብርሃን አይውጥም። ብጥብጡ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው። በነበልባል ላይም ቢያዝ እንደ ሶዲየም ቢጫ፣ እንደ ፖታሲየም ሐምራዊ ሆኖ አይገለጥም። ስለዚህ አሉሚኒየምን በቀለም ለማወቅ የፈለገ ሰው ሁልጊዜ አማላጅ ያስፈልገዋል፤ አሉሚኒየሙን ይዞ በእርሱ ፈንታ የሚናገር ሌላ ሞለኪውል ማለት ነው። ዳሳሽ የምንለውም ይህንኑ አማላጅ ነው።

አማላጁን ከኬሚስቶች በፊት ያወቁት ቀለም ነካሪዎች ናቸው። ሮማዊው ፕሊኒ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ግብፅ ነካሪዎች የጻፈው አስገራሚ ነው። ነጩን ጨርቅ በተለያዩ ቀለም አስያዥ ነገሮች ይቀቡታል፤ የተቀባው ቦታ ለዓይን አይታይም። ከዚያ ጨርቁን በአንድ የፈላ የቀለም ጋን ውስጥ ይነክሩታል። ሲያወጡት ግን ጋኑ አንድ ቀለም ብቻ የያዘ ሆኖ ሳለ ጨርቁ ብዙ ቀለም ይዞ ይወጣል። ዛሬ ምክንያቱን እናውቃለን። እንደ ማደር ባለ የሥር ቀለም ሸብ (አሉም) የተቀባው ቦታ ቀይ ይሆናል፤ ብረት የነካው ደግሞ ወደ ሐምራዊና ጥቁር ይሄዳል። ሸብ የአሉሚኒየም ጨው ነው። በእኔ አስተያየት ያ ጨርቅ አዮኖችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በቀለም የለየ የመጀመሪያው ሰሌዳ ነበር፤ ነካሪዎቹ የፈለጉት ግን ውበቱን ብቻ ነበር።

በ1754 ጀርመናዊው ማርግራፍ ከሸብ የሚገኘው ‹አፈር› ከኖራ የተለየ ነገር መሆኑን አሳየ። ይህን አስታውሱልኝ፤ አሉሚኒየምና ኖራ እዚያ ላይ ተለያይተው ወደ በኋላ ማሳችን ላይ እንደገና ይገናኛሉ። በ1852 የኬምብሪጁ ጆርጅ ስቶክስ አንዳንድ ነገሮች የማይታየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ውጠው የሚታይ ብርሃን እንደሚመልሱ አስረዳ፤ ፍሎራይት ከሚባለው ማዕድን ስም ወስዶም ክስተቱን ‹ፍሎረሰንስ› አለው።

ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት ሳይርቅ፣ በ1867፣ የስዊዘርላንዱ ፍሪድሪክ ጎፐልስሮደር ሞሪንን አመጣ። ሞሪን ከአሜሪካ ቆላ ከሚመጣ ፈስቲክ ከተባለ እንጨት የሚወጣ ቢጫ ቀለም ነው፤ ጨርቅ ነካሪዎች ከጥንት ይጠቀሙበት ነበር። ጎፐልስሮደር ያስተዋለው ሞሪን ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ ደማቅ አረንጓዴ ፍሎረሰንስ እንደሚሰጥ ነው። ዛሬ የዘርፉ ሰዎች የፍሎረሰንት ዳሳሾችን ታሪክ ሲጽፉ የሚጀምሩት ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ዳሳሾች የሞሪንን አሠራር ነው በተለያየ መንገድ የሚደግሙት። ሞሪን አምስት ሃይድሮክሲል ያለው ፍላቮኖል ነው። ብቻውን ሲሆን ብርሃን ይውጣል፤ ነገር ግን ከብርሃኑ ያገኘውን ጉልበት በውስጣዊ መወዛወዝና ከአንዱ ኦክሲጅን ወደ ሌላው ፕሮቶን በማቀባበል ያባክነዋል፤ ወደ ውጭ የሚመልሰው ብርሃን እጅግ ደካማ ነው። አሉሚኒየም ሲመጣ በሁለት ጎረቤት ኦክሲጅኖች መካከል ገብቶ ይቆልፈዋል። የተቆለፈው ሞለኪውል መወዛወዝ አይችልም፤ ፕሮቶኑም ቦታውን ለቋል፤ ጉልበቱ የሚወጣበት የቀረለት መንገድ ብርሃን ነው። አሉሚኒየም ራሱ አያበራም። የሚያበራው የታሰረው ሞሪን ነው።

ብረትስ ቢመጣ? ብረትም በዚያው ቦታ ይታሰራል። ነገር ግን ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ስላሉት ጉልበቱን በሌላ በር ያስወጣዋል፤ ብርሃኑ ይጠፋል። ቤሪሊየም፣ ጋሊየም፣ ዚርኮኒየም ደግሞ እንደ አሉሚኒየም ሞሪንን ያበራሉ። እንግዲህ የመጀመሪያው ዳሳሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት ድክመት ነበረው፦ ሌሎችን አሉሚኒየም ናቸው ብሎ ሊመሰክር ይችላል፤ ብረት በበዛበት ቦታ ደግሞ አሉሚኒየም እያለ ዝም ሊል ይችላል። ቀይ አፈራችን ቀይ የሆነው በብረት ኦክሳይድ መሆኑን ስታስቡ ችግሩ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ወደ አፈሩ ልምጣ። አሉሚኒየም በምድር ቅርፊት ውስጥ በክብደት ወደ 8 በመቶ ይሆናል፤ ከኦክሲጅንና ከሲሊኮን ቀጥሎ ሦስተኛው ነው። ‹በዚህ ማሳ አሉሚኒየም አለ ወይ?› ብሎ መጠየቅ ‹በጣና ውስጥ ውሃ አለ ወይ?› እንደማለት ነው። አለ፤ የትም አለ። የሸክላው አካል ነው፤ በዚያ መልኩ ማንንም አይጎዳም። ጎጃም ደጋ ግን በዓመት ከ1,200 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ የሚቀበል፣ ለብዙ ሺህ ዓመታት የታጠበ አገር ነው። ዝናቡ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙን፣ ፖታሲየሙን ይዞ ወደ አባይ ይወርዳል፤ የቀረውን ሰብሉ ይወስደዋል፤ ገለባውም እበቱም ወደ ማሳው አይመለስም፤ አሞኒየም ያለበት ማዳበሪያም የራሱን አሲድ ይጨምራል። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በሸክላው ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል። ባለ ሦስት ቻርጅ ነጻ አዮን የሆነው አሉሚኒየም በሊትር ጥቂት ማይክሮሞል እንኳ ሆኖ ስስ የሆነውን የሥር ጫፍ በሰዓታት ውስጥ እንዳያድግ ያደርገዋል። አጭር ሥር ያለው ሰብል ዝናብ ሲቋረጥ ቀድሞ ይጠወልጋል። ፎስፎረስንም አሉሚኒየም ስለሚይዘው ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ መሬት ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ከአገራችን የሚታረስ መሬት 43 በመቶው አሲዳማ ነው የሚለው አሃዝ በሰነዶች ሁሉ ላይ ይጠቀሳል። የምዕራቡና የጎጃም ደጋዎች በዚያ ካርታ ላይ ደማቁን ቦታ ይዘዋል።

ይሁን እንጂ ጥፋተኛው አሉሚኒየም መሆኑ እስኪታወቅ ረጅም ጊዜ ወስዷል። ለብዙ ዘመን ሳይንቲስቶች የወቀሱት አሲዱን ራሱን ነበር። በ1918 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ሃርትዌልና ፔምበር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ገብስንና ራይ የሚባለውን የአውሮፓ ደጋ እህል ጎን ለጎን አበቀሉ። በአሲድ ብጥብጥ ውስጥ ሁለቱም በተመሳሳይ መጠን ተጎዱ። ከአሲዳማ አፈር በተጨመቀ ፈሳሽ ውስጥ ግን ገብሱ ከራዩ እጅግ የባሰ ተጎዳ። አሲዱ እኩል ከሆነ ልዩነቱ ከሌላ ነገር መምጣት አለበት፤ ያም በፈሳሹ ውስጥ የነበረው አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ። እኔ ይህን ሥራ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ‹ዳሳሹ ገብሱ ነበር› እላቸዋለሁ። ፒኤች መለኪያ አንድ ናቸው ያላቸውን ሁለት ፈሳሾች ገብሱ ለያቸው።

ገብስ ከትናንሽ እህሎች ሁሉ ይልቅ አሉሚኒየምን የማይችል መሆኑ ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። በጮቄ ዙሪያ ያለ ገበሬ ይህን በራሱ መንገድ ያውቀዋል። ገብስ አልይዝ ያለው ማሳ እንግዶ ይዘራበታል፤ ድንች ይተከልበታል። እንግዶ የአጃ ዘመድ ነው፤ አጃ ከገብስ ይልቅ አሉሚኒየምን ይታገሣል። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ደግሞ ገበሬው እህሉን ትቶ ዲከረንስ ተክሎ ከሰል ወደ ማክሰል የገባበት አንዱ ምክንያት የመሬቱ አሲዳማነት ነው። ከገብስ ወደ እንግዶ፣ ከእንግዶ ወደ ዛፍ የሚሄደውን ይህን መስመር እንደ ቀለም ሰሌዳ ማንበብ ይቻላል። የሚያሳዝነው ሰሌዳው የሚነበበው መሬቱ ከተጎዳ በኋላ መሆኑ ነው።

ኬሚስቶቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1925 ሃሜትና ሶተሪ ‹አሉሚኖን› የተባለውን ቀይ ቀለም ሰጪ አስተዋወቁ። ሃሜት በኋላ በአካላዊ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ስሙ የገነነው ሉዊስ ሃሜት ነው፤ የስሙን ቀመር የምታጠኑ ተማሪዎች በወጣትነቱ ለአሉሚኒየም መመርመሪያ ሲያዘጋጅ እንደነበር ስታውቁ ትገረማላችሁ። ከዚያም 8-ሃይድሮክሲኪኖሊን መጣ፤ ከአሉሚኒየም ጋር ሲተሣሠር ቢጫ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። በነገራችን ላይ በ1987 ታንግና ቫን ስላይክ የተባሉ የኮዳክ ተመራማሪዎች በኤሌክትሪክ የሚያበራ ስስ ኦርጋኒክ ንጣፍ የሠሩት በዚሁ ውሁድ ነው። ብዙዎቻችሁ በኪሳችሁ የያዛችሁት የስልክ ስክሪን የዘር ሐረጉ ወደዚያ ይወጣል።

ለአፈር ጥናት ግን የ8-ሃይድሮክሲኪኖሊን ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። በ1983 ጄምስና ባልደረቦቹ አንድ ቀላል ነገር አሰቡ፤ መመርመሪያውን ከአፈሩ ፈሳሽ ጋር 15 ሰከንድ ብቻ አገናኝተው መለየት። በ15 ሰከንድ ውስጥ የሚያዘው ነጻ የሆነው ወይም በቀላሉ የሚላቀቀው አሉሚኒየም ነው። ከበሰበሰ ቅጠል አሲዶች ጋር ጠብቆ የታሰረው ለመላቀቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ አይደርስም። ሥሩን የሚጎዳው ነጻው ስለሆነ የሰዓት ቆጣሪው ጎጂውን ከማይጎዳው ለየ። ሞለኪውሉ ያው የድሮው ሞለኪውል ነው፤ አዲሱ ነገር ጊዜው ነው። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ውድ መሣሪያ አላስፈለገውም።

አሁን በእኛው ቤተ ሙከራዎች ወደሚሠራው ልመለስ። ሥራው ከ1959 የዩዋን ዘዴ የሚመጣ ነው። አፈሩ በአንድ ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ይታጠባል፤ ፖታሲየሙ በሸክላው ገጽ ላይ የተንጠለጠሉትን ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ገፍትሮ ወደ ፈሳሹ ያወጣቸዋል። ጥቂት ጠብታ ፌኖልፍታሊን ይጨመርና ሮዝ እስኪሆን ድረስ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይንጠባጠብበታል። እስከዚህ ያለው የሁለቱን ድምር ይነግረናል፤ ማን ምን ያህል እንደሆነ አይነግረንም። የመለየቱ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በአንዲት ጠብታ አሲድ ሮዙ እንዲጠፋ ተደርጎ ሶዲየም ፍሎራይድ ይጨመራል። ፍሎራይድ አሉሚኒየምን ከማንም በላይ ስለሚወድ ከሃይድሮክሳይዱ ይነጥቀዋል፤ በእያንዳንዱ አሉሚኒየም ፈንታ ሦስት ሃይድሮክሳይድ ወደ ውሃው ይለቀቃል፤ ሮዙም እንደገና ይመለሳል። አሉሚኒየም ከሌለ ሮዙ አይመለስም። የተመለሰውን ሮዝ ለማጥፋት የፈጀው አሲድ የአሉሚኒየሙ ልክ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ አሉሚኒየምን በቀጥታ የሚያውቅ ቀለም የለም። ፌኖልፍታሊን የሚያውቀው ሃይድሮክሳይድን ብቻ ነው፤ መለየቱን የሠራው ፍሎራይድ ነው።

ይህ አሃዝ ለምን እንደሚያስፈልግ በስሌት ላሳያችሁ። በ1970 በሰሜን ካሮላይና ዩጂን ካምፕራዝ ክፉኛ በታጠቡ አፈሮች ላይ የኖራው መጠን መወሰን ያለበት በሚለዋወጠው አሉሚኒየም ነው ብሎ ተከራከረ። ፒኤቹን እንደ አውሮፓ ማሳ ወደ 7 ለማድረስ መድከም ብዙ ኖራ ያባክናል፤ ዚንክን የመሰሉ ሰብሉ የሚፈልጋቸውንም ያሳጣል። በአገራችን የምንሠራበት ቀመር ከዚህ አስተሳሰብ የመጣ ነው። ለምሳሌ ያህል በኪሎ ግራም 2 ሴንቲሞል የሚለዋወጥ አሲድነት ያለው ማሳ እንውሰድ። የላይኛው 15 ሴንቲሜትር አፈር በአንድ ሄክታር፣ መጠነ እፍጋቱ 1.2 ቢሆን፣ 1,800 ቶን ይመዝናል። ያንን አሲድ ለማክሸፍ 18 ኩንታል ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ይበቃል፤ በ1.5 ሲባዛ 27 ኩንታል ይሆናል። በእኛ አካባቢ ቃዳ ለምንለው ሩብ ሄክታር 7 ኩንታል ገደማ ነው። መለኪያችን ተሳስቶ አሲድነቱን እጥፍ ቢያደርገው ገበሬው በአህያ ጀርባ የሚያጓጉዘው ኖራም እጥፍ ይሆናል፤ ግማሽ ቢያደርገው ደግሞ ገብሱ ዘንድሮም አይይዝም፤ ገበሬውም ‹ኖራ አይሠራም› ብሎ ለጎረቤቱ ይነግራል። በምርምር ጽሑፍ ላይ ‹የስህተት ወሰን› ብለን የምናልፈው ነገር እዚህ የአንድ ቤተሰብ ዓመት ነው።

ኖራው ሩቅ አይደለም። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሁሉ ነጣ ያለውን የኖራ ድንጋይ ገደል በዓይኑ አይቶታል። ከላይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ አለ፤ የእኛ ቀይ አፈር የተወለደው ከዚያ ነው። ከሥሩ ደግሞ በጥንት ባሕር የተነጠፈው የኖራ ድንጋይ አለ። ማርግራፍ በ1754 የለያቸው ሁለቱ አፈሮች በአንድ ገደል ላይ ተደራርበው ይታያሉ። ከደብረ ማርቆስ ያለው ርቀት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚጎድለን የመንገዱ፣ የመፍጨቱና የማከፋፈሉ ነገር ነው፤ እርሱ ከእኔ ሙያ ውጭ ስለሆነ ለሌሎች እተወዋለሁ።

ኖራ በማይደርስበት ቦታ ሁለተኛው መንገድ አሉሚኒየምን የሚችል ዘር መምረጥ ነው። እዚህም ቀለም ገባ። በ1978 በዋሺንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፖለ፣ ኮንዛክና ኪትሪክ የስንዴ ቡቃያ ሥሮችን አሉሚኒየም ባለበት ውሃ አቆይተው ሄማቶክሲሊን በተባለ ከእንጨት በሚወጣ ቀለም ነከሯቸው። አሉሚኒየም የገባበት የሥር ጫፍ ወይን ጠጅ መሳይ ሆነ፤ አሉሚኒየምን ያላስገባው ነጭ ሆኖ ቀረ። አዳቃዮች ዘሩን ሳያጠፉ ነጭ ሥር ያላቸውን ቡቃያዎች ለይተው ተክለው ማሳደግ ቻሉ። ነጩ ሥር ለምን ነጭ እንደሆነ የተረዳነው ደግሞ በ1993 ነው፤ ደልሃይዝና ባልደረቦቹ ቻዩ ስንዴ ከሥሩ ጫፍ ማሊክ አሲድን አውጥቶ አሉሚኒየሙን ደጅ ላይ እንደሚያስረው አሳዩ። ተክሉም የራሱን አማላጅ ይልካል ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ሞሪን ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተመልሶ በማይክሮስኮፕ ሥር መጣ። ጥያቄው ይህ ነበር፦ አሉሚኒየም ሥሩን የሚጎዳው ወደ ሴሉ ውስጥ ዘልቆ ነው ወይስ በሴሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ? ተመራማሪዎች የሥር ጫፎችን በሞሪን ነክረው አረንጓዴው የት እንደሚበራ ተመለከቱ። ብርሃኑ ከሴሉ ውስጥ ታየ፤ ግድግዳው ጨለማ ሆነ። ይህን ያየ ሰው አሉሚኒየሙ ውስጥ ነው ብሎ ቢፈርድ አይፈረድበትም።

በ2005 ጀርመን ሃኖቨር ላይ ደጀኔ ኤቲቻ፣ አንጀሊካ ሽታስና ቫልተር ሆርስት በበቆሎ ሥር ጫፍ ላይ የሠሩትን ጽሑፍ አሳተሙ። የመጀመሪያው ደራሲ ስም ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። የጽሑፋቸው ርእስ በራሱ ጥያቄ ነው፤ ሞሪን በሴል ግድግዳ የታሰረውን አሉሚኒየም ሊያሳይ ይችላል ወይ ይላል። መልሱ አይችልም ሆነ። የግድግዳው ፔክቲን አሉሚኒየሙን አጥብቆ ስለያዘ ሞሪን ሊነጥቀው አልቻለም፤ ካልነጠቀው አይቆለፍም፤ ካልተቆለፈ አያበራም። ጨለማ ሆኖ የታየው ግድግዳ አሉሚኒየም የተከማቸበት ቦታ ነበር። የሞሪን ዝምታ ‹የለም› ተብሎ ሲነበብ የኖረው ‹አልደረስኩበትም› ማለቱ ነበር። 138 ዓመት ያገለገለ ዳሳሽ ምን እንደማያይ በግልጽ የተጻፈለት ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ያለኝ አክብሮት አዲስ ዳሳሽ ከሚያስተዋውቁ ብዙ ጽሑፎች ይልቃል።

ስለ አዲሶቹም ጥቂት ልበል። ከ1980ዎቹ ወዲህ ዘርፉ መልኩን ለውጧል። ሮጀር ጺየን በ1985 ከባልደረቦቹ ጋር ፉራ-2ን ሠርቶ በሕያው ሴል ውስጥ የካልሲየምን መውጣትና መውረድ እንድናይ አደረገ። የስሪ ላንካ ተወላጁ ፕራሳና ደ ሲልቫ በቤልፋስት ዳሳሽን እንደ ማብሪያ ማጥፊያ አድርጎ መንደፍን አስተማረ፤ በዚሁ መርሕ የተሠራ የሶዲየም ዳሳሽ በሆስፒታል የደም መመርመሪያ መሣሪያ ውስጥ ገብቷል። በ1997 ዛርኒክና ባልደረቦቹ ሮዳሚን የተባለውን ቀለም በተዘጋ ቀለበት አስረው መዳብ ሲነካው ብቻ ተከፍቶ እንዲቀላና እንዲያበራ አደረጉት። ዛሬ ለአሉሚኒየም የሚታተሙት ዳሳሾች ብዙዎቹ የዚህ የሮዳሚን ልጆች ወይም የሺፍ ቤዞች ናቸው።

እነዚህን ጽሑፎች ስታነቡ መጀመሪያ ርእሱን ሳይሆን ብጥብጡን ተመልከቱ። ‹ለአሉሚኒየም ብቻ› የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚመሰክረው ንጹሕ ጨው በኢታኖል ወይም በአሴቶናይትራይል ውስጥ ሲጨመር ስለሆነው ነው። በዚያ ብጥብጥ ውስጥ የበሰበሰ ቅጠል አሲድ የለም፤ ፎስፌት የለም፤ ከአሉሚኒየሙ በላይ የበዛ ብረትና ማንጋኒዝ የለም። ባለ ሦስት ቻርጆቹ ብረትና ክሮሚየም አሁንም የአሉሚኒየም ዳሳሾች ዋነኛ አደናጋሪዎች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ክፍል በዳሳሽ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለመሥራት የምታስቡ ሁሉ፣ ሞለኪውላችሁን ስታዘጋጁ ከጎዛምን፣ ከማቻከልና ከስናን አፈር የታጠበ የፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጠረጴዛችሁ ላይ ይኑር። በዚያ ውስጥ ያላበራ ዳሳሽ በኢታኖል ቢያበራ ለዚህ አገር አፈር ገና አልተዘጋጀም። እኔ እንደ መርማሪ በመከላከያችሁ ቀን የምጠይቃችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ መሆኑን ከአሁኑ እወቁት።

ንግግሬን እዚህ ላቁም። ከፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጠርሙሶች አሉ። አንዱ ከሩቅ የገብስ ማሳ፣ ሌላው ከዚያው ገበሬ ጓሮ፣ አመድና እበት ለዓመታት ከተደፋበት መሬት የታጠበ ነው። ሁለቱም በፌኖልፍታሊን ሮዝ ከሆኑ በኋላ በአንዲት ጠብታ አሲድ ጠርተዋል፤ አሁን በዓይን አይለዩም። ተማሪዎቻችን በሁለቱም ላይ እኩል ሶዲየም ፍሎራይድ ሊጨምሩ ነው። ከኋላ ያላችሁ እባካችሁ ቀረብ በሉ።